ከመታመማቸው በፊት ምን ይሠሩ ነበር?

የውስጥ ደዌ ክፍል የሠራ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። አንድ የ74 ዓመት አባት በሳንባ ምች ታመው ይተኛሉ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ይለቃቸዋል፤ በስድስተኛው ኦክስጅኑ ይነሳል፤ በአሥረኛው ቀን ጠዋት ራውንድ ላይ «ዛሬ መውጣት ይችላሉ» ይባላል። ልጃቸው ሒሳብ ዘግቶ፣ መድኃኒት ገዝቶ፣ መኪና በር ላይ አቁሞ ይመጣል። አባትየው ሊነሱ ሲሞክሩ ጉልበታቸው ይብረከረካል፤ ተመልሰው አልጋው ላይ ይቀመጣሉ። ልጁ ነርሷን ያያል፣ ነርሷ ሐኪሙን ታያለች፣ ከመካከል አንዱ «እርጅና ነው እንግዲህ» ይላል። በእግራቸው የገቡት ሰው በሸክም ይወጣሉ።

እርጅና በአሥር ቀን አይመጣም። እኚህ አባት ጉልበታቸውን ያጡት አልጋችን ላይ ነው። ሳንባቸውን ስናክም እግራቸውን ያየላቸው አልነበረም። ይህን የምለው ባልደረቦቼን ለመውቀስ አይደለም፤ አንድ ነርስ በአንድ ሺፍት ስንት አልጋ እንደምትይዝ አውቃለሁ። ግን አረጋውያንን ከአልጋ ቁራኛነት የሚያድነው ሥራ አብዛኛው መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በጊዜ መጀመርን ነው። የምጽፈው ለነርሶች፣ ለፊዚዮቴራፒስቶች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ እንዲሁም በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ አገር በሰው ቤት አረጋውያንን እየተንከባከቡ ለሚኖሩ ሁሉ ነው።

ያረጀ ጡንቻ ሥራ ሲፈታ ቶሎ ይሟሽሻል፤ ለመመለስ ደግሞ ከወጣት ጡንቻ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2007 ውጤቱ በወጣ የአሜሪካ ጥናት 12 ጤነኛ አረጋውያን ለ10 ቀን አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። አልታመሙም፤ ምግባቸውም ተመጥኖ ይቀርብላቸው ነበር። ያም ሆኖ በ10 ቀን ውስጥ ከእግራቸው ብቻ 1 ኪሎ ገደማ ሥጋ አጡ፤ ጉልበትን የሚዘረጋው የጭን ጡንቻ ኃይልም 16 በመቶ ያህል ቀነሰ። ይህ ሁሉ የሆነው ትኩሳት በሌለበት፣ ኢንፌክሽን በሌለበት፣ የምግብ ፍላጎት ባልተዘጋበት ነው። ሰው ሲታመም ሰውነቱ በሽታውን ለመታገል የራሱን ጡንቻ እያፈረሰ ስለሚጠቀም ጉዳቱ ይብሳል። በዚያ ዕድሜ ደግሞ ብዙ ሰው ከወንበር ለመነሳት ከሚያስፈልገው ጉልበት በላይ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ያቺ ትራፊ የሄደች ቀን መነሳት አቃተ ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያው አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ አሸር አልጋ ላይ መዋል ለሳንባ፣ ለደም ሥር፣ ለአጥንት፣ ለጡንቻና ለመንፈስ ምን ያህል ጠንቅ እንደሆነ በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ በ2009 በወጣ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ከመታመማቸው በፊት በእግራቸው ይሄዱ የነበሩ 45 አረጋውያን ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ እንቅስቃሴያቸው በመሣሪያ ተለካ። ከጊዜያቸው 83 በመቶውን ያሳለፉት ተጋድመው ነበር። ሀብታም ሆስፒታልም ቢሆን አልጋው ሰውን ይዞ ያስቀራል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ አንድ ጥያቄ ነው። ሕመምተኛው በገቡበት ቀን፣ አለርጂ አለባቸው ወይ ብላችሁ በምትጠይቁበት ሰዓት፣ ይህንንም ጨምሩ፦ ከመታመማቸው ሁለት ሳምንት በፊት ምን ይሠሩ ነበር? ሁለት ሳምንት የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት ባሉት ቀናት ውስጥ ቀድሞ ተዳክሟል፤ የገባበትን ቀን መነሻ ካደረግን ድካሙን እንደ ተፈጥሮው እንቆጥረዋለን። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ጥናት ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆነ 2,293 ሕሙማን ታይተው ነበር። ከመግባታቸው ሁለት ሳምንት በፊት ከነበሩበት ጋር ሲነጻጸሩ፣ 35 በመቶዎቹ ከሆስፒታል የወጡት ራስን ከመታጠብ፣ ከመልበስ፣ ከመጸዳዳት፣ ከመብላትና ከአልጋ ወደ ወንበር ከመዛወር ቢያንስ አንዱን ችሎታ ያለ ረዳት የማይወጡት ሆነው ነው። የቀድሞው ሁኔታ ካልተጻፈ ይህን ጉዳት የሚያይ የለም፤ ሰውየው «ተሽሏቸው ወጡ» ተብሎ ካርዱ ይዘጋል።

ጥያቄውን ስትጠይቁ «ደህና ነበሩ» የሚለውን መልስ አትቀበሉ። ወደ ኑሮው ግቡ። ውሃ የሚቀዱት ራሳቸው ነበሩ? ሽንት ቤቱ ከቤት ውጭ ነው? ቁጢጥ ብለው ነው የሚጠቀሙት ወይስ መቀመጫ አለው? ቅዳሴ ቆመው ያስቀድሱ ነበር? ሰላት ሲሰግዱ ከሱጁድ ያለ ረዳት ይነሱ ነበር? ገበያ፣ ለቅሶ፣ የዕድር ስብሰባ በእግራቸው ይሄዱ ነበር? መልሱን አብሯቸው ከሚኖር ሰው ውሰዱ። ካርዱን ያወጣው ልጅ ብዙ ጊዜ ከሌላ ከተማ የመጣ ነው፤ እናቱን የሚያውቃት በበዓል ነው። አብራ የምታድረው የልጅ ልጅ ወይም ቤት የምትረዳው ልጅ የበለጠ ታውቃለች። ከዚያ ካርዱ ላይ በግልጽ ጻፉት፦ «ከመታመማቸው በፊት ያለ ከዘራ ገበያ ይሄዱ ነበር፤ ራሳቸው ይታጠቡ ነበር፤ ሽንት ቤት ቁጢጥ ብለው ይጠቀሙ ነበር።» ይህች መስመር ከተጻፈች በኋላ ዒላማው የታወቀ ነው፤ ትኩሳቱ ስለበረደ ብቻ ሥራው አያልቅም። ለሕመምተኛውም ዒላማው የራሳቸው ይሆናል። «ይንቀሳቀሱ» ቢባሉ የማይነሱ እናት፣ «የጥምቀት ዕለት ታቦት ሸኝተው በእግርዎ እንዲመለሱ ነው» ሲባሉ እጃቸውን ለድጋፍ ይዘረጋሉ።

ሁለተኛው፣ የመጀመሪያውን መቆም አታዘግዩ። ደም ግፊታቸውና አተነፋፈሳቸው ከተረጋጋ፣ የደረት ሕመም ከሌለ፣ ያልታሰረ ስብራት ወይም በቅርብ የተገኘ ገና ሕክምና ያልጀመረ የእግር ደም መርጋት ከሌለ፣ ሐኪሙ «አይነሱ» ብሎ ካልጻፈ በቀር በገቡ ማግስት፣ ቢቻል በዚያው ቀን መቀመጥና መቆም ይጀመራል። ኦክስጅን ላይ ስለሆኑ ብቻ አይቀርም፤ ቱቦው እስከሚደርስበት ድረስ መቆም ይቻላል።

አሠራሩን በቅርብ ላሳያችሁ። በሳንባ ምች የገቡ እናት ናቸው፤ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። «እማዬ፣ ዛሬ እግርዎን መሬት እናስነካው» ስትሏቸው «ተይኝ ልጄ፣ ትንሽ ልረፍበት» ይላሉ። አትከራከሩ፤ መጀመሪያ የአልጋውን ራስ ከፍ አድርጉና ግፊታቸውን ለኩ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ወደ ጎን ይዙሩ፣ እግራቸው ከአልጋው ይውረድ፣ በእጃቸው ፍራሹን እየገፉ ይቀመጡ። አልጋው ከፍ ካለና እግራቸው ከተንጠለጠለ የሚረግጡት ነገር አድርጉላቸው፤ እግሩ መሬት ያልነካ ሰው ወገቡን አይችልም። ቁጭ እንዳሉ ቁርጭምጭሚታቸውን ወደ ላይና ወደ ታች አሥር ጊዜ ያንቀሳቅሱ፤ ይህ ደሙን ከእግር ወደ ላይ ይመልሳል። «ያዞርዎታል?» በሉ፤ ፊታቸውንም እዩ። ብዙ እናቶች «ደህና ነኝ» እያሉ ነው ከንፈራቸው የሚነጣው።

ከዚያ ጫማ። ካልሲ ብቻ ወይም ነጠላ ጫማ አድርጎ መቆም መውደቅን መጋበዝ ነው፤ አስታማሚውን ገና በመጀመሪያው ቀን ተረከዝ የሚይዝ ጫማ እንዲያመጣ ንገሩት። ረዥሙ ቀሚስና የተንጠለጠለው ነጠላ ከእግር ይሰብሰብ። እናንተ በደካማው ጎን ቁሙ። እግራቸውን ከጉልበታቸው ትንሽ ወደ ኋላ ይሳቡ፣ ደረታቸው ወደ ፊት ያጋድል፣ አልጋውን በእጃቸው ገፍተው ይነሱ። በብብታቸው ሥር ገብታችሁ አታንሱ፤ ያረጀ ትከሻ ቶሎ ይጎዳል። አንገታችሁንም አይቀፉ፤ ወገባችሁ ይሄዳል። እጃችሁ ከወገባቸው በላይ ጀርባቸው ላይ ይሁን፤ ጉልበታቸው ከተንቀጠቀጠ በጉልበታችሁ ከፊት ደግፉት። በአንድ ደቂቃና በሦስት ደቂቃ ግፊታቸውን ድጋሚ ለኩ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ደማቸው ወደ እግር እየቀረ ነው፤ አስቀምጧቸው፤ ውሃ ማነሱን ወይም የግፊት መድኃኒቱ መብዛቱን ለሐኪሙ አሳውቁ። ካልወረደና ካላዞራቸው ሁለት እርምጃ ወደ ጎን፣ ከዚያ ይቀመጡ። ለመጀመሪያው ቀን በቂ ነው። ከሰዓት በኋላ ይደገም።

ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ሰውየው ነው፤ ሆኖም አንድ ነገር ለሁሉም ይሠራል፦ ምግብ በወንበር ላይ ይበላ። ቁርስ፣ ምሳና እራት በወንበር ላይ ከሆነ በቀን ሦስት ጊዜ መነሳትና መቀመጥ ያለ ተጨማሪ ሥራ ተገኘ፤ ምግብም በስህተት ወደ ሳንባ የመግባት ዕድሉ ይቀንሳል። በብዙ ክፍሎቻችን ያለው የአስታማሚ አግዳሚ ብቻ ነው። የክፍል ኃላፊዎች መደገፊያና የክንድ ማሳረፊያ ያለው አንድ ጠንካራ ወንበር ለአራት አልጋ እንኳ ቢያስገዙ፣ ከብዙ ውድ ዕቃ የበለጠ ሥራ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

«እኚህማ በጣም ሸምግለዋል» የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ከስፔኗ ፓምፕሎና የወጣውን ጥናት ያስታውስ። 370 ሕሙማን ነበሩ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 87። ግማሾቹ ተኝተው ሳሉ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው 20 ደቂቃ፣ ለአምስት እስከ ሰባት ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ፣ የሚዛንና የእርምጃ ልምምድ ሠሩ። የተለመደውን ሕክምና ብቻ ያገኙት ራስን የመቻል መለኪያ በሆነው የባርቴል ነጥብ (ከ100) በአማካይ 5 ነጥብ ዝቅ ብለው ወጡ፤ የሠሩት ግን ከመነሻቸው 2 ነጥብ ገደማ ከፍ ብለው። ልዩነቱን ያመጣው አዲስ መድኃኒት አይደለም።

ሰውን አልጋ ላይ አስረው የሚያስቀሩትን ነገሮች በየጠዋቱ ቁጠሯቸው። ካቴተሩ ዛሬም ያስፈልጋል? ሽንት ለመለካት ብቻ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ፤ በቆየ ቁጥር ደግሞ ኢንፌክሽን ይጠራል። ግሉኮሱ ከተንጠለጠለ ስንት ሰዓት ሆነው? በአፍ መጠጣት የጀመረ ሰው ክንዱን ከብረት ጋር አስሮ የሚውልበት ምክንያት የለም። ዳይፐሩ የተደረገው መሄድ ስለማይችሉ ነው ወይስ የሚያደርሳቸው ስላልተገኘ? መጸዳጃ ቤት በሰው ድጋፍ ደርሶ መመለስ በራሱ ልምምድ ነው። ለእንቅልፍ የሚሰጠው ዲያዜፓምም ከዚሁ ይቆጠራል፤ በአረጋዊ ሰውነት ውስጥ ብዙ ስለሚቆይ በማግስቱ ያንገዳግዳል፣ ይጥላል፣ አእምሮንም ያደፈርሳል።

አእምሮ ስል፣ አረጋዊ ታሞ ሲቀባዥር ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚያስበው ሌላ ነገር ነው፤ እኛም «ጃጅተዋል» ብለን እናልፈዋለን። ትናንት የልጅ ልጆቻቸውን ስም የሚጠሩ ሰው ዛሬ ቀኑ ከጠፋባቸው፣ ይህ ድንገተኛ የአእምሮ መታወክ ነውና ምክንያቱ ይፈለግ፦ ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት፣ የሽንት መያዝ፣ የሆድ ድርቀት፣ መድኃኒት። በተለይ ዝም ያሉትን ጠርጥሩ። ቀኑን ሙሉ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚውሉ፣ ለማንም የማያስቸግሩ አባት «ተረጋግተዋል» ይባላሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ከሚጮኹት ይልቅ የሚያሰጉት እሳቸው ናቸው። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ ሐኪም የነበረችው ሻሮን ኢኑዬ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተመችው ጥናት ይህ መታወክ ቀላል በሚመስሉ ነገሮች እንደሚቀነስ አሳይቷል፦ መነጽራቸውን ማድረግ፣ መስማታቸውን ማገዝ፣ ውሃ ማጠጣት፣ ሌሊት ማስተኛት፣ ቀንና ቦታውን ማስታወስ፣ ማንቀሳቀስ። ይህ የተደረገላቸው ላይ መታወኩ የታየው 9.9 በመቶ ሲሆን፣ ያልተደረገላቸው ላይ 15 በመቶ ነበር። መነጽራቸው ቤት ቀርቶ እንደሆነ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ቀርቷል።

ጉልበት ያለ ምግብ አይመለስም፤ እዚህ ላይ ልማዳችን ግማሹ ይረዳናል፣ ግማሹ ይጎዳናል። በዘርፉ ባለሙያዎች ምክር፣ የታመመ አረጋዊ በየቀኑ ለእያንዳንዱ የሰውነቱ ኪሎ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ከ72 እስከ 90 ግራም ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው፤ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፤ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ገደማ። በውሃ የተሠራ አጥሚት ሆድ ይሞላል፣ ጡንቻ ግን ብዙም አይሠራም። ስለዚህ አጥሚቱን በወተት ሥሩት፤ እንቁላል ምቱበት ወይም የተፈጨ ኦቾሎኒ ጨምሩበት። ሾርባውን ሳይሆን ሥጋውን ያብሉ፤ «መረቁ ይበቃቸዋል» ተብሎ ሥጋው ለአስታማሚ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ጥርስ ከሌላቸው ተፈጭቶ ይቅረብ። በአንድ ጊዜ ብዙ ከመግፋት በየሦስት ሰዓቱ ጥቂት ይሻላል። የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ግን መጠኑን ሐኪም ይወስንላቸው።

ጾም ላይ ከሆነ ነገሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጾሙ እናት በነርስ ቃል ወተት አይጠጡም፤ እኛም ልንጫናቸው አይገባም። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ እንደምትፈቅድ የነፍስ አባታቸው ራሳቸው ይንገሯቸው፤ ልጃቸው እንዲጠራቸው ጠይቁ። በእስልምናም ሕመምተኛ ከረመዳን ጾም የተፈቀደለት ነው። ያም ተብሎ እጾማለሁ ካሉ ሽሮው ወፍራም ይሁን፤ ምስር፣ አተር፣ ባቄላና ኦቾሎኒ በየማዕዱ ይገኝ፤ የሚጾሙበት ሰዓት ግን እንዲያጥር ለምኗቸው።

አሁን ስለ አስታማሚ። ይህ የእኛ ሆስፒታሎች ሀብት ነው፤ ብዙ የባዕድ አገር ነርስ አጠገቧ የሌለው ሁለት ጤነኛ እጅ እኛ በየአልጋው ሥር አለን። ግን ሳናስተምረው ፍቅሩ ይጎዳል። ልጅ እናቱን በእጁ ያጎርሳል፣ ፊቷን ያጥባል፣ ልትነሳ ስትል «ተይ፣ እኔ አለሁ» ይላል። የታመመ ወላጅን ማስነሳት ነውር ይመስለዋል። ገና በመጀመሪያው ቀን ጥሩትና እንዴት እንደሚያስቀምጣት አሳዩት፤ ከዚያ እናንተ እያያችሁ እሱ ያድርገው። ማንኪያውን ራሷ ትያዝ፣ ፀጉሯን ራሷ ታበጥር፣ እሱ የማትችለውን ብቻ ይሙላ። ጠያቂ ሲመጣ ተቀምጣ ትቀበል በሉት። ወዳጅ ዘመድ አልጋውን ከቦ «ተኚ፣ አትድከሚ» የሚለው በቅንነት ነው፤ ልጁ «ሐኪም ቁጭ በይ ብሏታል» ብሎ መመለስ እንዲችል ይህን ቃል ስጡት።

ወደ ቤት ሲወጡ ሥራው ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ልምምድ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ነው፤ መጠኑን የሚወስነው የመቀመጫው ከፍታ ነው። መጀመሪያ ወንበሩ ላይ የታጠፈ ጋቢ ወይም ትራስ አድርጉበት፤ ከፍ ካለ መቀመጫ መነሳት ይቀላል። አምስት ጊዜ ይነሱ ይቀመጡ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። አሥር ጊዜ ሳይቸገሩ መነሳት ሲችሉ ጋቢውን አውጡ። ቀጥሎ እጃቸውን ሳይጠቀሙ። በመጨረሻም ቡና ወደሚፈላበት በርጩማ። ከበርጩማ መነሳት የቻለ ሰው የቀረው ኑሮው ይቀለዋል። የመጨረሻዎቹ ሁለት መነሳቶች ከበድ ሊሏቸው ይገባል፤ ካልከበዱ ጡንቻው የሚያድግበት ምክንያት አላገኘም። በቦስተን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ ጥናት ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 የሆኑ የአረጋውያን መኖሪያ ነዋሪዎች ለስምንት ሳምንት ክብደት በማንሳት የጭን ጡንቻቸውን ኃይል በአማካይ በ174 በመቶ ጨምረዋል። ዘጠና የሞላው ጡንቻም ሥራ ከተሰጠው ይሰማል።

ከዚህ ሌላ ጠረጴዛ ወይም የበር መቃን ይዘው ተረከዛቸውን ከፍ ዝቅ ያድርጉ፤ በየቀኑ ይራመዱ፣ መጀመሪያ እስከ ግቢው በር፣ ከዚያ እስከ ጎረቤት፣ ከዚያ እስከ ሱቅ። እያወሩ መሄድ የሚችሉበት ፍጥነት ይበቃል። ከዘራው ርዝመቱ ክንዳቸው ሲንጠለጠል እስከ አንጓቸው ይድረስ፤ የሚያዘውም ከደካማው እግር በተቃራኒው እጅ ነው። ብዙ አባቶች ረዥሙን ምርኩዝ ይይዛሉ፤ ለግርማ ሞገስ መልካም ነው፣ የተዳከመን እግር ለመደገፍ ግን አጭሩ ይሻላል። ሽንት ቤቱ የቁጢጥ ከሆነ አናጢ መካከሉ የተቀደደ ወንበር ይሥራላቸው፣ ግድግዳው ላይም የሚይዙት እንጨት ይመታ። ለሌሊት አልጋው አጠገብ ፖፖና መብራት ይኑር፤ በጨለማ ወደ ውጭ መውጣት ብዙ ዳሌ ሰብሯል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እናት ወልዳ ስትመጣ ቤቷን እንደምታዩ ሁሉ፣ አረጋዊ ከሆስፒታል በመጡ በመጀመሪያው ሳምንትም ጎራ በሉ። ቤቱን በዓይን ያየ ሰው የሚያስተካክለውን ሆስፒታል ተቀምጦ የሚጽፍ አያስተካክለውም።

ለቀጠሮ ሲመጡ ደረታቸውን ከማዳመጥ ጋር ሁለት ነገር ለኩ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው ከወንበር አምስት ጊዜ ይነሱ፤ ከ15 ሰከንድ በላይ ከወሰደባቸው እግራቸው ገና አልጠነከረም። አራት ሜትር በተለመደ እርምጃቸው ይሂዱ፤ ከ5 ሰከንድ በላይ ከሆነ ልምምዱ ይቀጥል፣ ፊዚዮቴራፒ ካለም ይላኩ። ሁለቱም ከሦስት ደቂቃ አይበልጡም።

በአሜሪካ በነርሲንግ ሆምና በየቤቱ አረጋውያንን የምትንከባከቡ ብዙ ናችሁ፤ በዐረብ አገሮችም ለቤት ሥራ ተቀጥራ የአሠሪዋን እናት ስታነሳ ስታስተኛ የምትውል እህት ጥቂት አይደለችም። ለእናንተ የምለው አንድ ዐቢይ ነገር ነው፦ አታንሱ፣ አስነሱ። ሸክሙን ሁሉ ወገባችሁ ከተሸከመ እናንተ ትጎዳላችሁ፣ እሳቸው ይደክማሉ። ወገብ ላይ የሚታሰረው መደገፊያ ቀበቶ ካለ ተጠቀሙበት። አረጋዊው ሸሚዙን ራሱ እስኪቆልፍ መጠበቅ እኛ ከመቆለፍ ይልቅ ጊዜ ይወስዳል፤ ጊዜው የሚገኝ ከሆነ ጠብቁ፣ ካልተገኘ ሁለቱን ቁልፍ ለእሱ ተዉለት። ሆስፒታል አድረው ሲመለሱ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው አነሳሱን እንዲያሳያችሁ አሠሪውን ጠይቁ። መጠየቅ አለማወቅ አይባልም፤ ሳይታዩ ማንሳት ግን ሁለታችሁንም ሊጥል ይችላል።

አንድ ነገር ይቀራል። ልምምድ የጀመረ ጡንቻ አንድ ሁለት ቀን ቢያም የተለመደ ነው፤ ለዚህ ብላችሁ አታቁሙ። ተቀምጠው ሳሉ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ደረታቸውን ካመማቸው፣ አንዱ እግር ብቻ አብጦ ካመመ፣ በአንድ ጎን ድካም ወይም የንግግር መኮላተፍ ከመጣ፣ ራሳቸውን ከሳቱ፣ ወድቀው ጭንቅላታቸው ከተመታ፣ ወይም ድንገት መቀባዠር ከጀመሩ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና ይወሰዱ። ይህን ሲወጡ በቃል ብቻ አትንገሩ፤ ግርግር ላይ የሰማውን ሰው ይረሳል። በመውጫ ወረቀቱ ላይ በአማርኛ ወይም ቤተሰቡ በሚያነበው ቋንቋ ጻፉት፤ የክፍሉን ስልክ ቁጥር ከሥሩ አድርጉ፤ አብራቸው የምታድረው ልጅ ድምፅ አውጥታ ታንብብላችሁ።